የሽያጭ ዳታችንን የት እናስቀምጠው? ቢግኩዌሪ፣ ስኖውፍሌክና ሬድሺፍትን ስሞክር የያዝኩት ማስታወሻ

ግንቦት 4፣ 2017፣ ሰኞ

ነገሩን ያስጀመሩኝ አለቃዬ ጋሼ ናቸው። ጠዋት ቢሮ ጠሩኝ፣ ጠረጴዛቸው ላይ የ9ኙ ቅርንጫፍ ኤክሴል ፕሪንት ተደርጎ ተዘርግቷል፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው "አንተ ልጅ፣ ዘንድሮ በሁዳዴ ዘይት ከአምናው ሁዳዴ በስንት በለጥን? አንድ ቁጥር ነው የምፈልገው፣ ታሪክ አታውራኝ" አሉኝ። እኔም ቀላል መስሎኝ "እስከ ምሳ አደርሳለሁ ጋሼ" ብዬ ወጣሁ።

ከዛ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ የሽያጭ ሶፍትዌራችን ጀርባ ያለው ማይኤስኪውኤል የሚባል ዳታቤዝ ላይ የ2 ዓመት ሽያጭ የሚደምር ኩዌሪ (ለዳታቤዝ የሚጻፍ ጥያቄ) ለቀቅኩበት፣ 10 ደቂቃ እንኳን ሳይሞላ የመርካቶው ሱቅ ደወለ፣ ካሸሯ "ደረሰኝ አልወጣ ብሎኛል፣ ሰው ተሰልፏል" እያለች ነው። ኩዌሪውን ገደልኩት፣ ደረሰኙ ወዲያው መውጣት ጀመረ። ከሰዓት ደግሞ የሂሳብ ኃላፊያችን እትዬ ከኤክሴል የደመሩትና እኔ በቁርጥራጭ የደመርኩት ሳይገናኝ ቀረ፣ ልዩነቱም ትንሽ አይደለም።

ማይኤስኪውኤል ጥፋት የለበትም። እሱ የተሠራው ለሱቅ ነው፣ አንድ ደረሰኝ ሲመጣ ቶሎ መዝግቦ ቀጣዩን መቀበል። ዳታውን የሚያስቀምጠው በረድፍ ነው፣ ማለትም እያንዳንዱን ደረሰኝ ከነሙሉ ዝርዝሩ አንድ ላይ፣ ስለዚህ ዋጋውን ብቻ ልደምር ስትል እያንዳንዱን ደረሰኝ ከፓዱ አውጥቶ ገልጦ ማየት አለበት። ዳታ ዌርሃውስ የሚባሉት ደግሞ በአምድ ነው የሚያስቀምጡት፣ ዋጋ ዋጋው አንድ ሳጥን፣ ቀን ቀኑ አንድ ሳጥን፣ የዕቃ ስሙ አንድ ሳጥን፣ ዋጋ ከፈለግክ የዋጋውን ሳጥን ብቻ ታወርዳለህ። ለመሸጥ የመጀመሪያው፣ ለመጠየቅ ሁለተኛው። ሁለቱን አንድ ማሽን ላይ ስታሠራቸው ካሸሯ ትደውላለች።

ጋሼ ጋ ተመልሼ "ቁጥሩን ዛሬ አላገኘሁትም፣ ግን ሰኔ 30 ከመድረሱ በፊት እንዲህ ያለ ጥያቄ በሰከንድ የሚመለስበት ነገር ልሥራ" አልኳቸው። "በስንት?" አሉ። "በወር ከ100 ዶላር አይበልጥም"። ዝም ብለው አዩኝና "ዶላር ስትል ብር መስሎህ እንዳይሆን" አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ሐምሌ 22፣ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል፣ ላሠራ ያሰብኩት ደግሞ ክላውድ ላይ ነው (በኢንተርኔት የሚከራዩት የሌላ ድርጅት ኮምፒውተር)፣ ቢሉም በዶላር ነው የሚመጣው።

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

ያለን ዳታ፦ ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ 38 ሚሊዮን የሽያጭ መስመር፣ ወደ ሲኤስቪ (ተራ የጽሑፍ ፋይል) ሳወጣው 11 ጊጋባይት። ትልቅ ይመስል ነበር፣ በዚህ ዓለም ግን ምንም ማለት አይደለም። ይሄን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

የምሞክራቸው የክላውድ ዳታ ዌርሃውሶች ሦስት ናቸው፦ የጉግሉ ቢግኩዌሪ፣ ስኖውፍሌክ፣ የአማዞኑ ሬድሺፍት። የማይክሮሶፍት ፋብሪክም አለ፣ ሰው ሁሉ የዛው የማይክሮሶፍትን ሪፖርት መሥሪያ ፓወር ቢአይ ስለሚጠቀም ሊሞከር የሚገባው ነበር፣ ግን ያለኝ ጊዜ አጭር ነው።

ቅደም ተከተሉን የወሰነልኝ ቴክኖሎጂው ሳይሆን ካርዱ ነው። የድርጅቱ የውጭ ምንዛሬ ካርድ ከባንክ እስኪመጣ (ባንኩን ስሙን አልጠራም፣ "ሲስተም የለም" የሚለውን ቃል ግን በዚህ ሳምንት 4 ጊዜ ሰምቻለሁ) ያለ ካርድ የሚከፈቱትን ልጀምር። ቢግኩዌሪ ሳንድቦክስ የሚባል ካርድ የማይጠይቅ የነፃ መሞከሪያ አለው፣ ስኖውፍሌክም ለ30 ቀን የ400 ዶላር ክሬዲት ያለ ካርድ ይሰጣል። ሬድሺፍት ግን የአማዞን አካውንት ስለሚፈልግ ያለ ካርድ አይሆንም፣ እሱ መጨረሻ።

ሌላው የቦታ ጉዳይ ነው። ሦስቱም ኢትዮጵያ ውስጥ ሪጅን (ሰርቨሮቻቸው ያሉበት ማዕከል) የላቸውም። አማዞን ባህሬን፣ ኤምሬትስና ኬፕታውን አለው፣ ጉግል ዶሃ፣ ደማምና ጆሃንስበርግ። ርቀቱ ለሪፖርት ብዙም አያስጨንቅም፣ ስሌቱ እዛው ተሠርቶ የሚመጣልህ 10 መስመር መልስ ስለሆነ። ስለዚህ ዋጋውን ለማወዳደር እንዲቀለኝ ሁሉንም አሜሪካ ሪጅን ላይ አደረግኩት። የደንበኞችን ስልክና ቲን ቁጥር ግን ከፋይሉ አውጥቼ በመለያ ኮድ ተክቻለሁ፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁ (ቁጥር 1321/2016) ዳታን ከሀገር ስለማውጣት የሚለው አለ፣ ደግሞም ዘይት ለመደመር የማንም ስልክ አያስፈልገኝም።

ግንቦት 8 እና 9

ሁለት ቀን ሙሉ ክላውድ የሚባል ነገር ሳልነካ ዳታ ሳጸዳ ዋልኩ። ማንም የማይነግርህ ክፍል ይሄ ነው።

አንደኛ ሆሄው። "የሱፍ ዘይት" አዳማ በእሳቱ ሰ ነው የሚጽፉት፣ ሐዋሳ በንጉሡ ሠ። "ስንዴ" እና "ሥንዴ"። አንድ ደንበኛ ሱቅ "ፀሐይ"፣ "ጸሐይ"፣ "ጸሀይ"፣ "ፀሃይ" ተብሎ 4 ደንበኛ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ኮምፒውተሩ ለእሱ ሁሉም የተለያየ ኮድ ነው፣ ድምፁ አንድ መሆኑን በምን ያውቃል። ሐ፣ ኀ፣ ሃ ወደ ሀ፤ ሠ ወደ ሰ፤ ዐ፣ ኣ ወደ አ፤ ፀ ወደ ጸ የሚቀይር ፈንክሽን ጻፍኩ፣ ለመደመሪያ ብቻ የሚሆን ሌላ አምድ ላይ፣ የመጀመሪያው ጽሑፍ እንዳለ ይቀመጣል። ሰው ስሙን እንዴት እንደሚጽፍ እኔ ልወስንለት አልችልም።

ሁለተኛ ቀኑ፣ ወይ ቀኑ። ሦስት ቅርንጫፎች እስከ አምና ድረስ በኤክሴል ነበር የሚልኩት። 25/08/16 ብለው ጽፈዋል። ይሄ ምንድነው? ሚያዝያ 25፣ 2016 ነው ወይስ ኦገስት 25፣ 2016 እ.ኤ.አ? በፈረንጁ 2016 ገና ድርጅቱ ሶፍትዌር ስላልነበረው የእኛው አቆጣጠር እንደሆነ ገባኝ። ግን የባሰው ይሄ አይደለም። ጳጉሜ 5፣ 2016ን 05/13/16 ብለው ጽፈዋል፣ ትክክል ናቸው፣ 13ኛ ወር አለን። ኤክሴሉ ደግሞ በአሜሪካ አጻጻፍ የተስተካከለ ነው፣ ወር መጀመሪያ ቀን ቀጥሎ፣ ስለዚህ ሜይ 13፣ 2016 እ.ኤ.አ ብሎ በደስታ ተቀበለው። የዋዜማው ሽያጭ፣ በዓመቱ ካሉት ትልልቅ ቀኖች አንዱ፣ 8 ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ተደብቋል። እትዬና እኔ ያልተገናኘንበት ዋናው ምክንያት ይሄ ሆኖ ተገኘ። እትዬ ስነግራቸው "እኔ መቼ ተሳስቼ አውቃለሁ" አሉኝ።

ስለዚህ የቀን ቴብል (ሠንጠረዥ) ሠራሁ። በእያንዳንዱ ቀን አንድ መስመር፣ የፈረንጁ ቀን፣ የእኛው ቀን፣ ወር፣ ዓመት፣ የበጀት ዓመት (ሐምሌ 1 የሚጀምረው)፣ ጾም ነው ወይስ ፍስክ፣ በዓል ነው ወይ። የ10 ዓመቱ ሁሉ ተደምሮ 4 ሺህ መስመር አይሞላም። መስከረም 1፣ 2016 ሴፕቴምበር 12 ላይ፣ መስከረም 1፣ 2017 ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ላይ መውደቁን አይቼ አረጋገጥኩ፣ 2015 ጳጉሜ 6 ነበረችው፣ እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው።

ሁዳዴውም ገባ፦ በ2016 ከመጋቢት 2 እስከ ሚያዝያ 26፣ በ2017 ከየካቲት 17 እስከ ሚያዝያ 11። ሁለቱም 55 ቀን፣ ግን የ15 ቀን ፈቀቅታ አላቸው። በፈረንጅ ወር ያወዳደረ ሰው አለቀለት፣ ኤፕሪል 2024 ከጫፍ እስከ ጫፍ ጾም ነበር፣ ኤፕሪል 2025 ግን ከ20 ጀምሮ ፋሲካ ነው፣ ዘይቱ ቀንሶ ቅቤውና ወተቱ ይነሳል። የትኛውም ዳሽቦርድ (ቁጥሮቹ የሚታዩበት የሪፖርት ገጽ) "ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር" የሚል ቁልፍ አለው፣ ለእኛ ሥራ ያ ቁልፍ ውሸታም ነው።

ግንቦት 11፣ ሰኞ፣ ቢግኩዌሪ

መክፈቱ 5 ደቂቃ ነው፣ ሰርቨር ምረጥ፣ መጠን ምረጥ የሚባል ነገር የለም። ፋይል መጫንም አይከፈልበትም። ቴብሉን በቀን ፓርቲሽን አድርጌ (የየቀኑ ሽያጭ ለየብቻ መሳቢያ ውስጥ እንደማለት ነው) 38 ሚሊዮኑን ጫንኩ፣ "ተሳክቷል" አለኝ፣ ቆጠርኩት፣ ያለው ያለፉት 60 ቀኖች ብቻ ነው። ሌላው የት ገባ? ሁለት ጊዜ ደግሜ ጫንኩት፣ ያው። ለካስ ሳንድቦክሱ ላይ ፓርቲሽን በ60 ቀን ጊዜው ያልፍበታል፣ እኔ የ2012 ሽያጭ ስጭንለት ገና ሲገባ ጊዜው ያለፈበት ነው፣ ይጥለዋል። መመሪያው ላይ ተጽፏል፣ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። ለሙከራ ያለ ፓርቲሽን ጫንኩት፣ 8.6 ጊጋባይት ሆኖ ገባ።

አሁን ዋጋው። ቢግኩዌሪ የሚያስከፍለው ኩዌሪው ባነበበው ዳታ ልክ ነው፣ በቴራባይት (1 ሺህ ጊጋ ገደማ) 6.25 ዶላር፣ በየወሩ የመጀመሪያው 1 ቴራ ነፃ። ማስቀመጫው በጊጋ 2 የዶላር ሳንቲም ገደማ ነው በወር፣ የመጀመሪያው 10 ጊጋ ነፃ፣ 90 ቀን ያልተነካ ነገር ዋጋው በግማሽ ይወርዳል። በሰዓት አይደለም፣ ሌሊቱን ሙሉ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ዜሮ ነው። ወደድኩት።

ግንቦት 13፣ ረቡዕ

ፍቅራችን 2 ቀን ነው የቆየው። ከእኔ ጋር የሚሠራው ልጅ (ጎበዝ ነው፣ ኩዌሪ የሚጻፍበትን ቋንቋ፣ ኤስኪውኤልን፣ የተማረው ማይኤስኪውኤል ላይ ነው) ዳታውን ለመልመድ ብሎ ሰሌክት ስታር፣ ሊሚት 10 እያለ ሲያይ ከርሟል። አንዴ የአዳማን፣ አንዴ የባሕር ዳርን፣ አንዴ የፓስታውን። 61 ጊዜ። ሊሚት ሲል የሚታየውን መስመር ነው እንጂ የሚነበበውን አይቀንስም፣ ሰሌክት ስታር ማለት ሁሉንም ሳጥን አውርድልኝ ማለት ነው፣ ስለዚህ በእያንዳንዷ 8.6 ጊጋ፣ በድምሩ ከነፃው 1 ቴራ ግማሹ ጠፍቷል። "10 ረድፍ ብቻ ነው እኮ ያየሁት" ሲለኝ ምን ልበለው። ዳታ ለማየት ብቻ ከሆነ ፕሪቪው የሚለው ታብ አለ፣ በነፃ ነው። ኩዌሪ ስትጽፍም ከመሮጡ በፊት ጥግ ላይ ምን ያህል እንደሚያነብ ይነግርሃል፣ እሱን ሳያዩ ማስኬድ ክልክል ነው ብዬ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ።

አራት አምድ ብቻ ስጠራ 8.6 የነበረው ወደ 1.2 ጊጋ ወረደ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ሰዓቱ። ቢግኩዌሪ ካልነገርከው ቀንን የሚቆጥረው በዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ነው፣ ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ። የክፍለ ሀገር መኪኖች ሌሊት ነው የሚጫኑት፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተቆረጠ ደረሰኝ ለእሱ ገና ትናንት ማታ ነው። ቀኑን ስታወጣ የአዲስ አበባን ሰዓት ጨምረህ ካልጻፍክ የወር መጨረሻው ሁሌ በትንሽ ይዛነፋል፣ ትንሽ መዛነፍ ደግሞ ከትልቁ ይልቅ ያደክማል፣ እትዬን ጠይቁ።

ግንቦት 14 እና 15፣ ስኖውፍሌክ

ስኖውፍሌክ ሌላ ዓይነት ነው። ዳታው አንድ ቦታ ይቀመጣል፣ የሚያሰላው ሞተር ደግሞ ለብቻው ነው፣ እሱን ዌርሃውስ ይሉታል (ስሙ ያምታታል፣ መጋዘን አይደለም፣ ሞተር ነው)። መጠኑ እንደ ልብስ ነው፣ ኤክስ ስሞል፣ ስሞል፣ ሚዲየም፣ አንድ ደረጃ በጨመርክ ቁጥር ዋጋው እጥፍ። ኤክስ ስሞል በሰዓት 1 ክሬዲት ይበላል፣ በስታንዳርዱ አሜሪካ ላይ 1 ክሬዲት 2 ዶላር ነው። የሚቆጥረው በሰከንድ ነው ግን በተነሳ ቁጥር ቢያንስ 60 ሰከንድ ያስከፍላል። ለሂሳብ ክፍል አንድ ሞተር፣ ለሽያጭ ሌላ ሞተር መስጠት ትችላለህ፣ አንዱ ሌላውን አያዘገይም፣ ዳታው ግን አንድ ነው። ይሄ አሠራር በጣም ያምራል፣ እውነቴን ነው።

እንዳለመታደል ሐሙስ ጠዋት ዋናውን ቴብል በስህተት ድሮፕ አደረግኩት፣ ሰረዝኩት ማለት ነው። ላብ በላብ ሆንኩ። አንድሮፕ ብለህ ስሙን ስትጽፍለት ይመልስልሃል፣ በስታንዳርዱ 1 ቀን ድረስ ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል። ቢግኩዌሪም 7 ቀን ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ግን እኔን ያዳነኝ ይሄኛው ነውና ምስጋናው ለሱ ይሁን።

ጠዋት ጠዋት "የዛሬ ሽያጭ" የሚለው ሪፖርት የትናንቱን እያሳየ ግራ ገብቶኝ ነበር። የስኖውፍሌክ አካውንት ካልቀየርከው የሎስ አንጀለስ ሰዓት ላይ ነው። አሁን በዚህ ወቅት 10 ሰዓት ይለየናል፣ ማለትም ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት እኛ ዛሬ ላይ ነን፣ እሱ ትናንት ላይ። አንድ መስመር ትዕዛዝ ነው፣ ቀይረው፣ ይረሳል።

አርብ ማታ 12 ሰዓት ላይ በየ5 ደቂቃው ዳሽቦርዱን የሚያድስ ስክሪፕት ጽፌ፣ ሠርቷል ብዬ፣ ደስ ብሎኝ ወደ ቤት።

ግንቦት 18፣ ሰኞ

ከ400ው ዶላር 124 የለም።

ሞተሩ ሥራ ሲያጣ በራሱ ይተኛል፣ ግን እኔ የተውኩት እንዳለ በ10 ደቂቃው ነበር፣ 10 ደቂቃ ሥራ ካጣ ይተኛል ማለት ነው። የእኔ ስክሪፕት ደግሞ በየ5 ደቂቃው ይቀሰቅሰዋል። ስለዚህ ከአርብ ማታ 12 ሰዓት እስከ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት፣ 62 ሰዓት፣ ለአንድ ሰከንድ ሳይተኛ፣ ማንም በማያየው ዳሽቦርድ ላይ። 62 ክሬዲት። ያው ሙሉ ጥፋቱ የኔ ነው፣ የሙከራ ገንዘብ ባይሆን ኖሮ ጋሼ ፊት ምን ብዬ እንደምቆም እንጃ።

ደግሞ የሚገርመው፣ ዳታው ካልተቀየረና ኩዌሪው ፊደል በፊደል አንድ ከሆነ ስኖውፍሌክ ያለፈውን መልስ ለ24 ሰዓት አስቀምጦ ሞተር ሳያስነሳ ይሰጥሃል። እኔ ግን ኩዌሪው ውስጥ የአሁኑን ሰዓት የሚጠራ ፈንክሽን ከትቻለሁ ("የታደሰበት ሰዓት" ብሎ እንዲያሳይ፣ ለማማር)፣ እሱ ካለበት ደግሞ የድሮውን መልስ አይጠቀምም። ለአንዲት የማማሪያ መስመር ነው ያ ሁሉ።

ማረፊያውን ወደ 60 ሰከንድ አወረድኩት፣ ዳሽቦርዱም በሥራ ሰዓት ብቻ በየ10 ደቂቃው። አሁን በሰዓት 6 ጊዜ ይነሳል፣ በተነሳ ቁጥር ከ1 ደቂቃ ትንሽ አለፍ ይላል፣ 10 ሰዓት ሲሠራ በቀን 2 ዶላር ከትንሽ ነገር። በወር 60 ዶላር ገደማ። ከበጀታችን ውስጥ ነው፣ ግን ሁለተኛ ዳሽቦርድ በሌላ ሰዓት መታደስ ሲጀምር ያልፋል።

እዚህ ጋ ቆሜ አሰብኩ። ቢግኩዌሪ ላይ ገንዘብ የሚጠፋው ባልጠበበ ጥያቄ ነው፣ ስኖውፍሌክ ላይ ገንዘብ የሚጠፋው ባልተኛ ሞተር ነው። ከሁለቱ ስህተት የኛ ቢሮ የትኛውን ይሠራል? ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ሠርተናል፣ ግን የመጀመሪያውን አስቀድሜ መከልከል እችላለሁ፣ አንድ ኩዌሪ ከዚህ በላይ እንዳያነብ ብሎ ጣሪያ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ካለፈ ሳይሮጥ ነው የሚመለሰው። ስኖውፍሌክም ክሬዲቱ ሲሞላ የሚያቆም መቆጣጠሪያ አለው፣ ግን እሱ ሲያቆም ሁሉም ይቆማል፣ የልጁ ስህተት የእትዬን ሪፖርት ይዘጋል ማለት ነው፣ ለየሰዉ ሞተር ካልለያየህ በቀር።

ግንቦት 22፣ አርብ፣ ሬድሺፍት

ካርዱ መጣ። ሬድሺፍት ሰርቨርለስ የሚባለውን (ሰርቨር ራስህ የማታስተዳድርበትን) ከፈትኩ። ቨርዥንህ ስንት ነው ብዬ ስጠይቀው ፖስትግሬስ 8.0.2 አለኝ፣ ሳቄ መጣ፣ ሥሩ ፖስትግሬስ ከሚባለው ዳታቤዝ የድሮ ቨርዥን ነው፣ ከ2005 አካባቢ የነበረው፣ ውስጡ ግን ሙሉ በሙሉ ሌላ ነገር ነው።

እዚህ ጋ ለአማርኛ ተጠቃሚ ሁሉ የምነግረው አለኝ። የዕቃ ስም አምዱን ቫርቻር 30 (ርዝመቱ እስከ 30 የሆነ ጽሑፍ) ብዬ ሠራሁት፣ ማይኤስኪውኤሉ ላይ እንደነበረው፣ 30 ፊደል ለዕቃ ስም ይበቃል ብዬ። ፋይሉን ስጭን ከግማሽ በላዩን መለሰው፣ "ጽሑፉ ረዝሟል"። ምኑ ነው የረዘመው? "የሕፃናት ዱቄት ወተት" 13 ቦታ ነው ከነክፍተቱ! ነገሩ ሬድሺፍት ቫርቻርን የሚቆጥረው በፊደል ሳይሆን በባይት ነው፣ ጽሑፍ በሚቀመጥበት ኮድ፣ በዩቲኤፍ-8፣ ደግሞ አንድ የግዕዝ ሆሄ 3 ባይት ነው፣ የእንግሊዝኛው 1። 11 ሆሄ 33፣ ሁለት ክፍተት 2፣ 35 ባይት። 30 ላይ አይገባም።

ያኔ የሠራሁት ስህተት ነው የባሰው። የረዘመውን ቁረጥና ጫን የሚል አማራጭ አለ፣ እሱን አበራሁት፣ ሁሉም ገባ፣ ደስ አለኝ። ከሰዓት በዕቃ ስም ስደምር "የሕፃናት ዱቄት ወ" የሚባል ዕቃ አገኘሁ። ትልቁ ቆርቆሮና ትንሹ ቆርቆሮ ሁለቱም 30 ባይት ላይ ተቆርጠው አንድ ዕቃ ሆነዋል። ኤረር የለ፣ ማስጠንቀቂያ ዓይኔ ላይ የወደቀ የለ፣ ድምሩ ትክክል፣ ዝርዝሩ ውሸት። አምዱን ቫርቻር 120 አድርጌ ደግሜ ጫንኩት፣ ቀና አለ። ስኖውፍሌክ በፊደል ነው የሚቆጥረው፣ ቢግኩዌሪ ላይ ርዝመት መስጠትም ግድ አይደለም፣ ስለዚህ ሁለቱ ላይ ይሄ ነገር አልገጠመኝም።

ከዛ በኋላ በፍጥነት ምንም አላስቸገረኝም። ሰርቨርለሱም በሰከንድ ይቆጥራል፣ ቢያንስ 60 ሰከንድ፣ ባሕርይው ወደ ስኖውፍሌክ ይቀርባል። ሽያጭ ሲስተሙ ራሱ አማዞን ላይ፣ አውሮራ በሚባለው ዳታቤዙ ላይ ያለ ድርጅት ቢሆን ያለ ብዙ ልፋት ዳታው በራሱ ይፈስለታል፣ እሱ ሰው ሌላ ባይፈልግ አልፈርድበትም። የኛ ግን መርካቶ ፎቅ ላይ፣ ከጄኔሬተሩ አጠገብ ነው።

ግንቦት 25፣ ሰኞ

የድሬዳዋ ቅርንጫፍ መብራት ሄዶ ሲመጣ የቅዳሜውን ፋይል ደግሞ ላከ። ሦስቱም ላይ የደረሰኝ ቁጥሩን ፕራይመሪ ኪ (መደገም የሌለበት መለያ) ብዬ ነበር፣ ሦስቱም ተቀብለው እጥፍ አድርገው አስገቡት። እንዲህ ናቸው፣ ፕራይመሪ ኪ ትጽፍላቸዋለህ፣ እነሱ እንደ ማስታወሻ ነው የሚይዙት፣ አያስከብሩትም። ከማይኤስኪውኤል ለመጣ ሰው ይሄ ድንጋጤ ነው። መጀመሪያ መጠባበቂያ ቴብል ላይ ጭኖ፣ ከዛ መርጅ በሚለው ትዕዛዝ ያለውን አድሶ የሌለውን ብቻ ማስገባት። ያቺን ለመጻፍ ግማሽ ቀን፣ ለሦስቱም አጻጻፏ በትንሹ ይለያል።

ግንቦት 29፣ አርብ

ለራሴ የማልደብቀው ጥያቄ መጣ። 11 ጊጋ ለዚህ ሁሉ ይበቃል ወይ? ደክዲቢ የሚባል በነፃ የሚወርድ ትንሽ ነገር አለ፣ አምስተርዳም ያለ የምርምር ተቋም ውስጥ የተወለደ፣ ሰርቨር የለውም፣ ላፕቶፕህ ላይ ነው የሚሮጠው። ሲኤስቪውን በአምድ አጭቆ ወደሚያስቀምጥ ፓርኬ የሚባል ፋይል ቀየርኩት፣ 11 ጊጋው 1.3 ሆነ። የጋሼን የሁዳዴ ጥያቄ ጠየቅኩት፣ 1 ሰከንድ አልሞላም። ቢል የለ፣ ካርድ የለ፣ ኢንተርኔት የለ። ትንሽ ተበሳጨሁ ብል አልዋሽም።

ለጋሼ አሳየኋቸው። አዩት፣ ወደዱት፣ "ላፕቶፑ ቢሰረቅስ?" አሉ። "ሌላ ቦታ ኮፒ አለ"። "አንተ ብትታመምስ?" ዝም አልኩ። "ሐዋሳ ያለው ሥራ አስኪያጅስ ከየት ያየዋል?" ይሄኛው ነው የገደለው። 9 ቦታ ያለ ሰው የራሱን ቅርንጫፍ ብቻ እንዲያይ፣ የሌላውን እንዳያይ፣ ማን ምን እንዳየም እንዲታወቅ ካስፈለገ ያንን ደክዲቢ ላይ ራሴ መገንባት አለብኝ፣ ክላውዶቹ ላይ ግን የተሠራ ነው። ለእኔ ለብቻዬ ለመሞከሪያ ግን ከዛሬ ጀምሮ ደክዲቢ ነው፣ ኩዌሪዬን እሱ ላይ በነፃ አበላሽቼ አበላሽቼ ሲስተካከል ወደ ክላውዱ።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ቢግኩዌሪ ላይ ወስኛለሁ፣ ካርዱ ስለመጣ ከሳንድቦክሱ ወጥቼ ሙሉ 38 ሚሊዮኑን በቀን ፓርቲሽን፣ በዕቃ ደግሞ ክላስተር አድርጌ (ተመሳሳይ ዕቃ አጠገብ ላጠገብ እንዲቀመጥ) ጫንኩት። የአንድ ኩዌሪ ጣሪያ 2 ጊጋ። የፓርኬ ኮፒውም ለብቻው ይቀመጣል፣ ነገ ዋጋ ቢጨምሩ ወይ ካርዱ ቢዘጋ ይዤ የምወጣው ነገር ይኑረኝ። አሥር አናሊስት ቀኑን ሙሉ የሚጠይቅበት ድርጅት ብንሆን ስኖውፍሌክን እመርጥ ነበር፣ በቀን 15 ጥያቄ የሚጠየቅበት ቤት ግን ሞተር ማስነሳት አያስፈልገውም።

ከሰዓት ላይ ግን አንድ የመጨረሻ ጉድ። የሁዳዴውን ኩዌሪ ከቀን ቴብሉ ጋር ጆይን አድርጌ (አገናኝቼ) "ጾም = ሁዳዴ፣ ዓመት = 2017" ብዬ ስጠይቅ ፓርቲሽኑ እንደሌለ ሆኖ አምዶቹን ከዳር እስከ ዳር አነበበ፣ 1.2 ጊጋ። ምክንያቱም የትኞቹን መሳቢያዎች እንደሚከፍት የሚወስነው ሳይጀምር ነው፣ ቀኑ ግን ያለው ሌላ ቴብል ውስጥ ነው፣ እሱን እስኪያነብ አያውቅም፣ ስለዚህ ሁሉንም ይከፍታል። ያ ያመንኩበት የቀን ቴብል ነው ያስበላኝ! መፍትሔው መጀመሪያ የሁዳዴውን መነሻና መድረሻ ቀን ከቀን ቴብሉ አውጥቶ ተለዋዋጭ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ከዛ ዋናውን ኩዌሪ በእነዛ ሁለት ቀኖች መሀል ብሎ መጠየቅ። እትዬ ይሄን እንዲጽፉ አልጠብቅም፣ "ሁዳዴ" እና "2017" የሚመርጡበት ሪፖርት አድርጌ ከጀርባው እኔ ጻፍኩት።

ሰኔ 9፣ ሰኞ

ጋሼ ጋ ገባሁ፣ ታብሌት ይዤ። "ዘይት፣ የዘንድሮ ሁዳዴ ከአምናው፣ በብር 38 በመቶ በልጠናል" አልኩ። ፈገግ አሉ። "በሊትር ግን 3 በመቶ ቀንሰናል"። ፈገግታው ቆመ። መነጽራቸውን አወረዱና ስክሪኑን ራሳቸው ያዙት፣ በጣታቸው ወደ ቅርንጫፎቹ ወረዱ፣ ሐዋሳ ላይ ቆሙ፣ ምንም አልተናገሩም፣ ስልካቸውን አንስተው መልሰው አስቀመጡት።

"የደረቅ ወተቱንስ? ከፋሲካ በኋላ ያለውን 30 ቀን፣ ካቻምናንም ጨምረህ" አሉኝ።

እዛው ቆሜ መረጥኩ። 24 ሜጋባይት አነበበ፣ 2 ሰከንድ። ካቻምና የሚለው ላይ የአንድ ቅርንጫፍ ቁጥር ዜሮ ነው፣ ያኔ በኤክሴል ይልኩ ከነበሩት አንዱ ነው፣ ሌላ የቀን አጻጻፍ ስህተት ሳይኖር አይቀርም። ነገ እሱን ነው የምፈልገው።